በከማል አንቴና የቀናሁ ጊዜ

በእኛ ዘመን፣ በንጉሡ ጊዜ ማለቴ ነው፣ ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሳለች፣ እኔ የመንግሥት ሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ። በሞርስ ቲት ታት እያልኩ መልእክት መላክ ነው ሥራዬ። ከሥራ ውጪ ደግሞ ፈቃድ አውጥቼ ቤቴ የራሴ ሬዲዮ ነበረኝ፤ በአጭር ሞገድ ከሩቅ አገር ሰው ጋር ለመጫወት። በባሌ ከእኔ ሌላ ማን ነበረ? ማንም! እና እሱ ነው ያበላሸኝ፣ ብቻዬን መሆኔ።

ታዲያ ከማል የሚባል የሮቤ ልጅ፣ አባቱ ወፍጮ ቤት ያላቸው፣ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፣ መጣና «ጋሼ ያስተምሩኝ» አለኝ። አስተማርኩት። ሞርሱን እኔ፣ ፈቃዱን ያወጣሁለት እኔ። እሺ። የኔ አንቴና በሁለት ባሕር ዛፍ መሃል የተዘረጋ ሽቦ ነው። አዲስ አበባን እንደ ጎረቤት እሰማለሁ፣ ባሕር ማዶ ግን እምቢ! ዝቅ ብሎ ተኝቷላ፣ ኃይሉን ወደ ላይ ወደ ሰማይ ነው የሚተፋው። ከማል ደግሞ ምን አደረገ? አምስት ሜትር የውሃ ቧንቧ፣ መሬት እንዳይነካ ጠርሙስ ላይ አቆመና በገመድ ወጥሮ አሰረው። አለቀ!

እኔ ሳቅሁ። «ባንዲራ ልትሰቅልበት ነው?» አልኩት። እሱም ሳቀ።

ታዲያ በወሩ ፖስታ ቤት ስሄድ ጸሐፊው «ጋሽ ተስፋዬ፣ ሮቤ ሲወርዱ ይችን ለከማል ያድርሱለት» ይለኛል። ካርድ ነው። ከጃፓን! «ሰምቼሃለሁ» የሚል ካርድ። በሳምንቱ ደግሞ ከብራዚል። እንግዲህ አስቡት፣ የሮቤ ፖስታ በጎባ ነው የሚያልፈው፣ እና የተማሪዬን ካርድ ተሸክሜ የማደርስ እኔ! ባለቤቴ ሳትቀር «ያ ልጅ እኮ ጎበዝ ነው» ትላለች። 

እኔም ቧንቧ ገዝቼ አቆምኩ። እንዴት እንዳደረገው ጠየቅሁት? አልጠየቅሁም! ተማሪዬን ልጠይቅ? ከሬዲዮው የሚመጣውን ገመድ አንዱን ሽቦ ከቧንቧው፣ ሌላውን ሽቦ መሬት ውስጥ ከመታሁት ብረት አሰርኩና ጠራሁ። ጠራሁ፣ ጠራሁ። ዝም። ኃይሉን መሬቱ ጠጣው።

እና አንድ ቀን ሮቤ ወረድኩ። ከማል «አካም ጅርተኒ ጋሼ!» ብሎ ተቀበለኝ፣ ሳልጠይቀው እየጎተተ አሳየኝ። ከቧንቧው እግር ዙሪያ አሥራ ስድስት ሽቦ፣ ቧንቧውን የሚያህል እያንዳንዱ፣ እንደ ጃንጥላ አጥንት ተዘርግቶ አፈር ለብሷል። «ጋሼ፣ ቧንቧው ግማሹ ነው፣ ግማሹ ያለው መሬት ውስጥ ነው። አንቴናውን የሚመግበው ደግሞ ይሄ ገመድ፣ የመሃሉ ሽቦ ወደ ቧንቧው፣ ዙሪያውን ያለበሰው ሽቦ ወደነዚህ።» አለና ዙሁር ሊሰግድ ገባ።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በለበስኩት ኮት ላይ ወረቀት የምናያይዝበት ስፒል ነበረኝ። ነቀልኩና በገመዱ ወገብ ሰካሁት። የመሃሉና የዙሪያው ሽቦ ተገናኙ ማለት ነው። የወጣውን ራሱን በከማል ፒንሳ ቆረጥኩት፣ እንዳይታይ። ሲመለስ ሻይ ጠጥተን ተሰነባበትን።

ካርድ መምጣቱ ቀረ። ደስ አለኝ? አዎ፣ ምን ልዋሽ፣ ደስ አለኝ። በሁለተኛው ወር ከማል ቤቴ መጣ፣ ከስቶ። «ጋሼ፣ ማሽኑ ይግላል፣ የሚሰማኝ ሰው የለም። ሁሉን ፈትቼ ገጠምኩ። ለጊኒር ነጋዴ ልሸጠው ነው።» አለ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ «ያስተማሩኝን አበላሸሁብዎ፣ ይቅር ይበሉኝ» አይለኝም?

ይቅር በለኝ አለኝ! እኔን!

በጭነት መኪና አብረን ሮቤ ወረድን። ገመዱን በጣቴ እየዳበስኩ ሄድኩና ስፒሉን በፒንሳ ስቤ አወጣሁት።

«ምንድን ናት?» አለ።

«የኔ ናት። እኔ ነኝ የሰካኋት።»

«ለምን?»

«ቀናሁብህ፣ ከማል።»

«በቧንቧ?» አለ። «ጋሼ፣ በአንድ ቧንቧ? ወላሂ ቢጠይቁኝ ነቅዬ እሰጥዎ ነበር!» ብሎ ወፍጮ ቤቱ ገባ፣ አልወጣም። ብቻዬን ወደ ጎባ ወጣሁ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ከዚያ አንድ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ከማል ቤቴ በር ላይ ቆሟል፣ የሽቦ ጥቅልል ትከሻው ላይ። ሰላም እንኳ አላለኝም፤ «ዶማ አለዎት?» አለ። ሲቆፍር ዋለ፣ እኔም አብሬው። አሥራ ስድስቱንም ቀበርን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠራሁ፣ እና አንድ ሰው ከጃፓን መለሰልኝ! ከደስታዬ ሞርሱ ጠፋብኝ፣ ከማል ነው የጨረሰልኝ።

በማግስቱ ሁለታችንም፣ እሱ ከሮቤ እኔ ከጎባ፣ ያንኑ ጃፓናዊ ማንኛችን ይበልጥ እንሰማለን ብለን ጠየቅነው። «የሮቤው» አለ።

ቀናሁ? ቀናሁ እንጂ! ዝም ግን አላልኩም፤ በሬዲዮው «ከማል፣ አሁንም ቀንቼብሃለሁ» ብዬ መታሁለት። እና ምን ብሎ መለሰልኝ? «አልሃምዱሊላህ፣ ጋሼ! የተናገሩት ቅናትማ ሰው አይጎዳም።» ሃ ሃ ሃ!