የኮሽሟ ባል

በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት የበልጉ ዝናብ ባባራ ማግስት፣ እማማ ዘይቱና ከቀበሌው ዘብ መጥረቢያ ተውሰው ወደ ቤታቸው ሲጣደፉ፣ ከኮምቦልቻው አውቶቡስ ከወረደችው ከጎረቤታቸው ልጅ ከመዲና ጋር ደሴ መናኸሪያ በር ላይ ተገጣጠሙ። መዲና ኮምቦልቻ ችግኝ ጣቢያ ትሠራለች።

«አሰላሙ ዓለይኩም እማማ። መጥረቢያው ለምንድን ነው?»

«ወዓለይኩም ሰላም ልጄ። ለኮሽሙ ነዋ። ከግቢዬ ካሉት ሁለት የኮሽም ዛፎች አንዷ በያመቱ ታፈራለች፤ ያኛው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሾህ ብቻ። ትናንት የልጅ ልጄን ቅንድብ ቧጠጠው። ዓይኑ ቢሆንስ? ወላሂ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።»

«እሱን ከቆረጡት እሷም አታፈራም። ባሏ ነው።»

እማማ ዘይቱና ቆም አሉ። ነገሩ የሚቀለድበት አልነበረም፤ ልጃቸው ጣይባ ነፍሰ ጡር ናት። ባለፈው እርግዝናዋ ከኮሽም ጭማቂ በቀር ሆዷ ውስጥ የሚረጋላት ነገር አልነበረም፤ ዘንድሮም አበባው ፍሬ እስኪሆን ቀን ትቆጥራለች።

«ዛፍም ኒካህ ያስራል በይኛ።»

«ሐርቡ ያለችው የእህትዎ ፓፓያ ወንድና ሴት የለውም?»

«አለው እንጂ። አምና ወንዱን ነቅላ ሴቶቹ አበባቸውን አርግፈው…» እማማ ንግግራቸውን ሳይጨርሱ መንገዱን ተያያዙት፤ ወጣቷ እየሮጠች ተከተለቻቸው።

ግቢ ሲደርሱ መዲና የወንዱን አበባ በእማማ መዳፍ ላይ አራገፈችው፤ ቢጫ ብናኝ ቀረ። የሴቷን አበባ ፈልቅቃ አሳየቻቸው፤ ከውስጡ ጤፍ የምታህል አረንጓዴ እንቡጥ ነበረች።

«ንቧ ይህን ብናኝ ለዚያች ታደርሳለች። ካላደረሰች ፍሬ የለም።»

«ያ አላህ፣ እኔ ደግሞ ሰነፍ ስለው ኖርኩ።» እማማ መዳፋቸውን ደጋግመው አዩት። «እሾኹስ? የልጁ ዓይንስ?»

«ከልጁ ቁመት በታች ያለውን ቅርንጫፍ መልምለው አጥሩ ላይ ይደርድሩት። ፍየል አይደፍረውም።»

እንግዲህ እውቀት ይህን ይመስላል፤ ጫካ የበቀለውን ጎምዛዛ ዛፍ ጓሮ ውስጥ አጥር፣ ለንብ ቀሰም፣ ለሕመምተኛ ጭማቂ ያደርገዋል። እማማን ግን ሌላ ሐሳብ ያዛቸው።

«ከሴቷ ቅርንጫፍ ሥር አስይዘን ብናባዛ፣ አንዱ ወንድ ለሁሉም ይበቃል?»

«ለሃያም ይበቃል።»

«የለም፤ እኔ ቤት ከአራት አይበልጥም» አሉና በአጥሩ ጥግ ለሦስት ጉድጓድ በተረከዛቸው ምልክት አደረጉ።