ዶክተር ዕንባቆም አርፈዋል

አባቶቻችን ካህናት፣ ከሩቅም ከቅርብም ለቀብሩ የደረሳችሁ ወገኖች፣ የዶክተር ዕንባቆም ወልደ ገብርኤልን ዜና ሕይወት የሚያነበው ታላቅ ወንድማቸው ቢያዝን ነው። የታላቁን ታናሽ ሊያነብ ይገባ ነበር፤ ተገላብጧል።

ዶክተር ዕንባቆም ከአባታቸው ከቄስ ወልደ ገብርኤል አድማሴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትርንጎ በ1971 ዓ.ም. በኮሶዬ ተወለዱ። ገና ፊደል ቆጥረው ሳይጨርሱ እናታቸውን ራስ ምታት ጣላቸው፤ ቀጥሎ ዓይናቸው ፈዘዘ፤ ጠበልም ሐኪም ዘንድም ተኬደ፤ የሕመሙን ስም የተናገረ አልነበረም። እናት በዚያው ክረምት ተቀበሩ፤ አባትም ብዙ አልቆዩም። ወንድማማቾቹ ጎንደር ገብተው በአንድ ጋቢ አደሩ፤ ቢያዝን ቅዳሜ ገበያ ሸክም ተሸከመ፣ ዶክተር ዕንባቆም ተማሩ። ስለዚያ ዘመን ከዚህ በላይ አይነበብም።

ሕክምና አጥንተው፣ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ሆነው ወደ ጎንደር ሲመለሱ የእናታቸውን ሕመም ስም አውቀውት ነበር፤ የአንጎል ዕጢ ነው። ዕጢው የወጣለት ሰው አገሩ ከገባ በኋላ ምን ይሆናል? ስንቱ ይድናል፣ የትኛው ዕጢ ተመልሶ ይመጣል፣ ዘግይቶ የመጣውስ ምን ያህል ይጎዳል? «እድናለሁ ወይ?» ለሚላቸው ታማሚ ከሌላ አገር መጽሐፍ ሳይሆን ከዚሁ አገር ሰው ያገኙትን እውነት ሊመልሱለት ፈለጉ፤ የዕድሜ ልክ ጥናታቸውም ይኸው ሆነ።

በጥናቱ መጀመሪያ ባልደረባቸው ዶክተር ፋሲካ ወደ ትክል ድንጋይ ከተማ ደውለው፣ አያ አስናቀው የተባሉት ታማሚ እንዴት እንደሆኑ ቢጠይቁ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ይመኙሽ «እሰይ! አሁንስ አርፏል» አሉ፤ ሞተዋል ተብሎ ተመዘገበ። ዶክተር ዕንባቆምን ግን ያ «እሰይ» ከነከናቸው፤ ማኪና አስነስተው ሄዱ። አያ አስናቀው ገበያ መሐል በሬ ሊገዙ ሲከራከሩ ተገኙ። ያረፉት ከራስ ምታታቸው ነበር። መሞታቸው ሲነገራቸውም «ምነው፣ ተዝካሬን ሳትጠሩኝ በላችሁት እንዴ?» ብለው ገበያውን አሳቁት። ከዚያ ወዲህ በጥናቱ ክፍል «አርፏል» የሚል መልስ ሲመጣ «ከምኑ?» ተብሎ ሳይጠየቅ አይጻፍም።

በ1999 ዓ.ም. ወይዘሮ ወንጌላዊትን አግብተው ምስጢርንና ፊልጶስን ወለዱ። ባለቤታቸውም ወንድማቸውም ጥቂት ይረፉ እያሉ ሲለምኗቸው፣ ይህችን ታማሚ አክሜ ልጨርስ እያሉ ዓመታት አለፉ።

ቀጥሎ ሕመማቸው ይነበብ ነበር፤ የሚነበብ የለም። ትናንት ጠዋት ታማሚዎቻቸውን ጎብኝተው፣ ከነጋዋናቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ልባቸው ቆመ። ቢያዝን እንፍራንዝ ሳለ ዶክተር ፋሲካ ደወሉለት፤ «አያ ቢያዝን፣ ዶክተር አርፈዋል» አሉት። እሱም ደስ ብሎት፣ «ሸጋ አደረገ! ይተኛ፣ እንዳትቀሰቅሱት» አላቸው። የዶክተር ፋሲካ ልቅሶ ተሰማ።

ዶክተር ዕንባቆም በተወለዱ በአርባ ስድስት ዓመታቸው ከባለቤታቸው፣ ከሁለት ልጆቻቸው፣ ከወንድማቸውና ከባልደረቦቻቸው ተለይተዋል። በእጃቸው የዳኑም ተርፈዋል፤ ሞተዋል ተብለው የተመዘገቡት አያ አስናቀው እነሆ በመቃብሩ አፍ ቆመዋል። ቢያዝን ትናንት ያልጠየቀውን ዛሬ ቢጠይቅ፣ ከምናቸው እንዳረፉ የሚነግረው አላገኘም። ይህን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ ዕቅፍ ያሳርፍልን። አሜን።