እስከ ግማሽ የተነበበ የሰው ታሪክ

የእንጨት ሥራ ቤት ባለቤት የሆነው አናጢ፣ ዝናብ አባሮት አሮጌ መጻሕፍት ወደሚሸጡበት ጠባብ ሱቅ ሲገባ፣ የታሪክ አስተማሪ የሆነችውን የእህቱን ልጅ ከታችኛው መደርደሪያ ሥር ቁጢጥ ብላ አገኛት።

"ደህና ነዎት ጋሼ?" ብላ ብድግ አለች።

"እግዜር ይመስገን። ተይ፣ አትነሺ። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን የሕይወት ታሪክ ሁለተኛው መጽሐፍ ካለ ብዬ ነው። የመጀመሪያውን ጨርሼዋለሁ" አለ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

ማንበቡንስ ያነባል፤ ይህን ማንም አይክድበትም። ግን ቀይ እርሳስ ይዞ ይቀመጥና ደስ ያለውን ያሰምርበታል፣ ደስ ያላለውን ይዘለዋል። ያሰመረበትን ደግሞ በቁራጭ ጣውላ ላይ በቀለም ይጽፍና ከሠራተኞቹ ራስ በላይ ይቸነክረዋል። ሠራተኞቹ አዲስ ጀግና በተሰቀለባቸው ቁጥር በጎን እየተያዩ ከንፈራቸውን ይነክሳሉ።

"እና ምን ጠቀመዎት ጋሼ?"

"ቆራጥነት! ይኸው ባለፈው ሳምንት አባባ ብርጭቆን አሰናበትኳቸው።"

አባባ ብርጭቆ ዕድሜ ልካቸውን እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልሱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። የገቡት በአናጢው አባት ዘመን ነው፤ አናጢውንም የመላጊያ አያያዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

አስተማሪዋ ክው አለች። "አባባን? ምን አጥፍተው?"

"ምንም። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሥራ ይጓተታል። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ያ ቆጣቢ ሮማዊ ሹም ባሪያው ሲያረጅ ይሸጠው አልነበረም? ለማይሠራ ሰው ቀለብ የለም ማለቱ እኮ ነው። እኔ ከእሱ ልበልጥ ነው?"

"ታሪኩን የጻፈው ሰው ከዚያ ቀጥሎ ምን አለ?"

"ቀጥሎማ... ወደ ሌላ ነገር ያልፋል መሰለኝ።"

"አያልፍም ጋሼ። ሹሙን ሲያመሰግን ቆይቶ እዚህ ላይ ሲደርስ ይቆጣል። እኔ ያገለገለኝን በሬ እንኳ ስላረጀ ብዬ አልሸጥም፣ እንኳን ሰውን፣ ይላል። ከዚያ የበቅሎ ታሪክ ያመጣል። ግሪኮች ቤተ መቅደስ ሲሠሩ የደከሙትን በቅሎዎች ወደ ሜዳ ለቀቋቸው። አንዷ ግን ማንም ሳይጠራት እየተመለሰች ከሚሠሩት ጎን ትሄድ ነበር። ሕዝቡ ይህን አይቶ እስክትሞት በመንግሥት እንድትቀለብ ወሰነ።"

የአናጢው ሐሳብ ወደ ሥራ ቤቱ ደጅ ሄደ። ባለፈው ሰኞ ጠዋት አባባ ሳይጠሩ መጥተው ነበር፤ መጥረጊያ አንሥተው ከደጁ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂውን ሲጠርጉ ያገኛቸው እሱ ነው። "ተሰናብተዋል እኮ አባባ፤ በር ላይ አይቁሙብኝ" ያላቸው በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት ነው። ትዝ ሲለው ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ። ያኔ ቆራጥነት የመሰለው ነገር አሁን መግቢያ አሳጣው። ያፈረ ሰው ደግሞ የሚያሳብብበት አያጣም።

"እንዲህማ ከሆነ ሹሙ ታላቅ አይደለም! መጽሐፉን ምን ያደርግልኛል? ልጣለው እንጂ!" አለ።

"አይጣሉት። ያው ሹም እኮ ልጁን አስተማሪ ሳይቀጥር ራሱ ፊደል ያስቆጠረ አባት ነው። ያንንም አላሰመሩበትም።"

"አላሰመርኩበትም" አለ ቀስ ብሎ።

"እነዚህ ሰዎች ግድግዳ ላይ እንዲሰቀሉ አልተጻፉም ጋሼ። ደራሲው አንድ ግሪክና አንድ ሮማዊ ጎን ለጎን የሚያቆመው እንድናመዛዝን ነው። ጦርነቱንና ሹመቱን ሲያነቡ፣ ቤቱ ሲገባስ እንዴት ነበር ይበሉ። ደራሲው ብዙውን የጻፈው ከዘመናት በኋላ፣ ያነበበውንና የሰማውን ይዞ መሆኑንም አይርሱ። በታሪኩ ውስጥ አፍ የሌላቸው አሉ፤ ሚስቲቱ፣ ባሪያው። እነሱ ቢናገሩ ምን ይሉ ነበር? እንዲህ ሲያነቡ ጀግናውም ሰው ይሆንልዎታል፣ ከስህተቱ ሳይከፍሉ ይማራሉ፣ በሰው ላይ ለመፍረድም አይቸኩሉም። ቀይ እርሳሱን ብቻ በሌላ ሰው ላይ አያንሡ።"

"በማን ላይ ላንሣው ታዲያ?"

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ለታላቅ ሰው 'በራስዎ ላይ' ተብሎ አይመለስም። እሱም መልሱ አልጠፋውም።

"ልክ ነሽ ልጄ። እኔ ያነበብኩት ልቤ አስቀድሞ የፈለገውን ነው" አለና ዝናቡ ሳያባራ ወጣ።

አባባ የሚኖሩት ከአንድ ጠባብ ግቢ ጓሮ ባለች ክፍል ነው። በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው። አለቃቸውን ሲያዩ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ለመቆለፍ ታገሉ፤ አልሆን ሲላቸው እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ። ቀድመው የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

"እንኳን መጡልኝ አለቃ። ቀንም ሌትም ባስበው ጥፋቴ አልታይ አለኝ። ይንገሩኝና ይቅርታ ልጠይቅዎት።"

"ያጠፋሁት እኔ ነኝ አባባ" አለ አናጢው። "ይቅር ይበሉኝ። ነገ ወደ ቦታዎ ይመለሱ።"

"እጄ እኮ አሁንም ይንቀጠቀጣል።"

"ይንቀጠቀጥ" አለ፤ ይህን ሲል ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።