ሞልቶ ሳለ «ጎደለ» የምትል መብራት

መካኒኩ የእረፍት ቀኑን በእናቱ ቤት እያሳለፈ ነበር፤ ማሳለፍ ከተባለ። ማድ ቤት ወለል ላይ ተንጋሎ፣ ጭንቅላቱን ከዕቃ ማጠቢያው ሥር አስገብቶ፣ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ይፈታል። እናቱ አጠገቡ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ከጠዋት ጀምሮ የጠፋችባቸውን ረጅሟን የሹራብ መርፌ ይራገማሉ። ሰፈሩ ይህን ሰው በስሙ አይጠራውም፤ ወሬ ሲጀምር ለማጋነኑ ማቆሚያ ስለሌለው «ቀዳጁ» ነው የሚለው። ስልኩ ደረቱ ላይ ጮኸ።

— ሄሎ! … ማን ልበል? … ኩኩ! ድምፅሽ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። … አይ፣ እኔ ነኝ ጉድጓድ ውስጥ ያለሁት፣ የእማዬ ዕቃ ማጠቢያ ሥር። … ቀስ በይ፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።

— እማዬ፣ ኩኩ ናት። … ደህና ናት፣ መንገድ ላይ ናት። … ባንቺ መኪና ነዋ! የራሷማ እኔ ጋራዥ ተኝታለች።

— አዎ፣ እየሰማሁሽ ነው። … ምጥ የያዛት ሴት ጋ? … እቤቷ ከባሏ በቀር ማንም የለም? … እሱም ፎጣ አቅፎ እያለቀሰ ነው? እንዲህማ ከሆነ አንቺ ብቻሽን አትበቂም፣ የሚያስፈልገው ሁለት አዋላጅ ነው። … እሺ፣ አልቀልድም። ታዲያ ለምን ቆምሽ?

— የፊት መስታወቱ። … ከፊትሽ የሚሄደው ከባድ መኪና የበረዶና የበረዶ ማቅለጫ ጨው ጭቃ ይረጭብሻል፣ ዝናብ መጥረጊያው ደግሞ ወዲህና ወዲያ ይለቀልቀዋል። ገባኝ። የመስታወት ማጠቢያውን ስትነኪውስ? … አይረጭም። … መብራቷም በርታለች፣ «ፈሳሹ አልቋል» የምትለዋ። ታዲያ ሙዪያ! … ሞልተሽዋል? … ዛሬ ጠዋት፣ ከሱቅ የገዛሽውን አንድ ሙሉ ጠርሙስ ሰማያዊ ፈሳሽ? እስከ አፉ? … አሁንም ጎደለ ትላለች?

ቀዳጁ መፍቻውን አስቀመጠ። የማያውቀው ነገር ሲገጥመው እንደ ልጅነቱ ጆሮው ይግላል።

— ይሄማ ደስ ይላል! … ላንቺ አይደለም፣ ለኔ ነው ያልኩት። ስሚኝ፣ አንድ ሾፌር አውቅ ነበር። ብርዱ በጠናበት ቀን ማጠቢያውን ቢጫነው፣ ፈሳሹ ተፈናጥሮ ወጣና አየር ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ! ሰውዬው እስከ በጋ ድረስ ሰማያዊ ቀንድ አስቀድሞ ሲነዳ ከረመ። ቁራ ሳይቀር ጫፉ ላይ እየተቀመጠ … ሄሎ? ኩኩ? እንዳትዘጊው! … እሺ ተውኩት። ቁራውንም ተውኩት።

— በይ ኮፈኑን ክፈቺ። … ከፈትሽ? ነጯ የፕላስቲክ ዕቃ ሞተሩ አጠገብ ናት። ሰማያዊው ይታያል? … እስከ ላይ። መሬት ላይስ ያፈሰሰው አለ? … ደረቅ ነው። ማጠቢያውን ስትነኪ ምን ዓይነት ድምፅ ነበረው? … እንደሚያቃስት ሰው? በቃ፣ እንዳትደግሚው! ፈሳሹን የሚገፋው ፓምፕ የሚጠጣው ካጣ ይቃጠላል። … እንዴት ካጣ? እሱን እኮ ነው የምፈልገው! ዕቃው ሞልቻለሁ ይላል፣ መብራቷ ጎድሏል ትላለች፣ ፓምፑም ከመብራቷ ጋር ወግኗል። በኔ መኪና እንዲህ ያለ ጉድ ደርሶ አያውቅም፤ እኔ በገዛ እጄ ነው የምሞላው።

— ረጅም፣ ቀጭን ነገር አጠገብሽ የለም? … ምን? የት? … ወንበሩ ሥር! እማዬ፣ መርፌሽ ተገኘች። መኪናሽ ውስጥ ብቻዋን ሹራብ ስትሠራ ነው ያደረችው። … ኋላ ታመሰግኛታለሽ።

— በይ በአፉ በኩል አስገቢያት። … ጫፏን እንዳትለቂያት። … ገባች … ገባች … ቆመች? ታች ሳትደርስ? … ቀስ ብለሽ ምቺው እስቲ። ስልኩን አስጠጊልኝ፣ ልስማው።

ከስልኩ ውስጥ ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ መጣ። እናትየው ሳይቀሩ አንገታቸውን አሰገጉ።

— ይሄ የፕላስቲክ ድምፅ አይደለም፣ በረዶ ነው። … እኔም ገርሞኛል! ሰማያዊው ለዚህ ብርድ የተሠራ ነው፣ አይረጋም። ከሥሩ ተጋግሮ የተኛው ታዲያ ምንድን ነው? … ቆይ፣ ላስብ።

እያሰበ ቧንቧውን ለመደገፍ እጁን ከማጠቢያው ሥር ወደ ጥጉ ሰደደ። እጁ የነካው ቧንቧ ሳይሆን ጠርሙስ ነበር፤ ከጎኑ ሌላ፣ ከኋላው ሌላ። የዘይት ጠርሙሶች ናቸው፣ ውስጣቸው ግን ሰማያዊ። ፊት ለፊት የቆመው የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ደግሞ እንደ ወትሮው ገርጥቷል። እናቱ በዕድሜያቸው ምንም ነገር ንጹሑን ተጠቅመው አያውቁም። ሻምፖውም ፈሳሽ ሳሙናውም ቤት በገባ በማግስቱ በውሃ ይበረክታል። «ውሃ እያለ ማን ያልቅበታል» ነው የሚሉት።

— እማዬ … ይሄ ሰማያዊ ነገር ምንድን ነው? … «በረከት»? … የመኪናውን ፈሳሽ አበረከትሽው? ግማሹን እዚህ ቀድተሽ አስቀምጠሽ፣ ጠርሙሱን በውሃ ሞልተሽ! … አውቃለሁ፣ መልኩ ያው ነው እማዬ። ብርዱ ግን መልክ አያይም!

— ኩኩ! አገኘሁት! ስሚኝ፣ ዕቃው ውስጥ አንዲት ተንሳፋፊ አለች፣ ሽንት ቤት የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ እንዳለችው ኳስ። ፈሳሹ ሲጎድል እሷ ትወርዳለች፣ መብራቷም ትበራለች። ያ የእማዬ ውሃ እያለቀ፣ እያለቀ ሄዶ፣ የቀረችው ጭላጭ ማታ ረጋች፤ ተንሳፋፊዋንም ወለሉ ላይ እንዳለች ያዘቻት። አንቺ ጠዋት ከላይዋ ሰማያዊ ብታፈሺ በምን ትነሳ? የፓምፑም አፍ እዚያው በረዶ ውስጥ ነው። … አልቀደድኩም! … እውነቴን ነው! … ኧረ ቁራ የለበትም! … ኩኩ፣ ሴትዮዋ ምጥ ላይ እያለች በምን አንጀቴ እዋሻለሁ?

ቀዳጁ በሕይወቱ ስንቱን ውሸት አሳምኖ፣ ዛሬ አንዲት እውነት አቃተችው። ስልኩን ወደ ወንበሩ ዘረጋ።

— እማዬ፣ አንቺ ንገሪያት። … ባትነግሪያት መንገድ ላይ ቆማ ልትቀር ነው። … ሕፃኑን ፎጣ ያቀፈው አባት ሊያዋልደው ነው!

እናትየው ስልኩን ተቀብለው፣ ጀርባቸውን ለልጃቸው ሰጥተው፣ አፋቸውን በእጃቸው ከልለው ተንሾካሾኩ። ሲመልሱለት ጉንጫቸው ቲማቲም መስሏል።

— ሄሎ … እሷን በአንድ ቃል አመንሻት! … እሺ፣ አሁን ምን እናድርግ ነው? … ኧረ እንዳታደርጊው! የፈላ ውሃ መስታወቱ ላይ ካፈሰስሽ ዳር እስከ ዳር ነው የሚሰነጠቀው። … እንዲህ የፈላ ውሃ ከየት አገኘሽ ግን? … በፔርሙስ ይዘሽ? ለሕፃኑ ማሞቂያ የጎማ ከረጢት? … በስመአብ፣ ኩኩ፣ አንቺ ጋራዥ መክፈት አለብሽ! ውሃውን ከረጢቱ ውስጥ ጨምሪ፣ ክዳኑን አጥብቂ፣ ከዕቃው ሥር በጎን በኩል ወትፊው። ሞተሩ ይሥራ፣ ኮፈኑን ዝጊ። እስከዚያ ጨርቅ ሰማያዊው ውስጥ ነክረሽ መስታወቱን በእጅሽ ጥረጊ። … አውቃለሁ፣ በጨርቅ ብቻ አትደርሺም። የሚቀጥለው መኪና መልሶ ይለቀልቅሻል።

ጠበቁ። እናትየው ሹራቡን አንስተው፣ በአንድ መርፌ ምንም እንደማይሆን አይተው መልሰው አስቀመጡት።

— ባልየው ደወለ? … ምን አለ? … ምጧ እየፈጠነ ነው? … በይ እስቲ አሁን ሞክሪው። አንዴ ብቻ። … ምን ሆነ? … ኩኩ? ትሰሚኛለሽ? … ረጨ?! መብራቷስ? … ጠፋች!

ቀዳጁ ዘሎ ሊነሳ ሲል ግንባሩን ከማጠቢያው ጋር አላተመው፤ ደስታው ግን አልበረደም።

— ምንም አይደለም፣ ግንባሬ ነው። ከረጢቱን ይዘሽ ንጂ! እኔም ንጹሑን ሰማያዊ ይዤ ከኋላሽ እደርሳለሁ። … የኔማ ምን ትሆናለች? ትናንት ነው የሞላኋት፣ እዚሁ እማዬ በር ላይ ካስቀመጥኩት ጠርሙስ … ምን ሆነሽ ነው እማዬ ሱሪዬን የምትጎትቺው?

— የኔንም አበረከትሽው? … መቼ?

ቀዳጁ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። መኪናው በረዶ ለብሳ ቆማለች።

— ሄሎ፣ ኩኩ … አለሁ። ያቺ የጎማ ከረጢት … ሕፃኑን ካሞቀች በኋላ ወደኔ ታመጫታለሽ? … አትሳቂ! … መንገዱን እያየሽ ሳቂ! … ይቺን ብቻ፣ ጋራዥ ላሉት እንዳትነግሪብኝ። … ምን? … ቁራ ጨምረሽበት? … ኧረ በእናትሽ፣ እንኳን ቁራ ተጨምሮበት … ሄሎ? … ሄሎ?

— ዘጋችው፣ እማዬ።