ሳይሞከር የተሰቀለው አላርም

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ማሪቱ አሥራት
ዕድሜ፦ 56
ሥራ፦ መጋረጃ ስፌት
አድራሻ፦ ሸገር ከተማ፣ ቡራዩ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ጠዋት
ቃሉ የተሰጠበት ቋንቋ፦ ምስክሯ በመረጡት መሠረት አማርኛ
ጉዳዩ፦ በቤት አላርም ሽያጭ ስም ተፈጽሟል ስለተባለ የማታለል ወንጀል

የምመሰክረው በዓይኔ ያየሁትንና በእጄ የከፈልኩበትን ነው። ዮአብ ከተባለው ተጠርጣሪ ጋር ዝምድናም ጠብም አልነበረኝም። ጠብ የነበረኝ ከጎረቤቴ ከወ/ሮ መብሩካ ሸምሰዲን ጋር ነው። እሱም ከጉዳዩ ስለማይነጠል አብሬ እናገራለሁ።

ባለቤቴ አቶ ኪዳነወልድ የከባድ መኪና መካኒክ ነበር። ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታው፤ ከዚያ ወዲህ ቀኝ ጎኑም አንደበቱም አይታዘዙለትም። የሚነገረውን ግን አንድ ሳይቀር ይሰማል። ልጆቻችን በየትዳራቸው ናቸው። እኔ ስፌት ቤቴ ካልዋልኩ ጓዳው አይሞላም፣ ከዋልኩ ደግሞ ልቤ እቤት ነው።

መብሩካ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ያላት ነጋዴ ናት። ግቢዎቻችንን የሚለየው የቆርቆሮ አጥር ላይ ትንሽ በር ነበረችን። በዚያች በር ያልተሻገረ ነገር የለም፤ በርበሬውም፣ ወንፊቱም፣ ወሬውም። ባለፈው ክረምት የጣራዬ ውኃ ግቢዋን ስላጥለቀለቀው ተናገረችኝ፣ እኔም አፌ አያርፍምና መለስኩላት። በማግስቱ በሩን እሷ ከወዲያ እኔ ከወዲህ በምስማር መታነው። የሠፈራችን ሽማግሌ ኦቦ ጎበና ሊያስታርቁን ቢመጡ እሷም እምቢ፣ እኔም እምቢ አልን። መርማሪው ወደ ተጠርጣሪው እንድመለስ ስለጠየቁኝ እመለሳለሁ።

ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተጠርጣሪው ስፌት ቤቴ መጣ። ደረቱ ላይ ፎቶው ያለበት መታወቂያ አንጠልጥሏል፣ ከአፉ ማር ጠብ ይላል። የሚሸጠው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አላርምና አንገት ላይ ተንጠልጥሎ በጣት የሚጫኑት ቁልፍ ነው። "ማዘር፣ አባባ ይቺን ጫን ሲሏት ቤቱ ይጮሃል፣ የእርስዎም ስልክ ይጠራል፣ ፖሊስ ጣቢያም ይሰማል" አለኝ። ሌባውን ትቼ ባለቤቴን አሰብኩ። ብቻውን ቢወድቅ የሚጣራበት ድምፅ ላገኝለት ነው ብዬ ሆዴ ባባ።

ዝም ብዬ ግን አልገዛሁም። ማን ቤት ሰቅለህ ታውቃለህ ስል ጠየቅሁት። "ጎረቤትዎ ወ/ሮ መብሩካ ጋ ሰቅለናል። ግን እንዳይጠይቋት ማዘር፤ አላርም ያለበት ቤት ከተወራ ሌባ ጆሮ ይገባል" አለኝ። እኔ ከመቼ ወዲህ ነው የምጠይቃት? ሰላምታ እንኳ የለንም። በልቤ ግን፣ የኤሌክትሪክ ነጋዴዋ መብሩካ ከገዛችው ዕቃው ደህና ነው፣ ደግሞስ እሷ ገዝታ እኔ ልቀር ነወይ አልኩ። ለእሷም በዚያው ሰሞን፣ ወ/ሮ ማሪቱ ለታመሙት ባለቤታቸው አሰቅለዋል፣ ግን እንዳይጠይቋቸው ብሎ እንደሸጠላት አሁን ነው የተነጋገርነው። መኳረፋችንን ከሠፈር አጣርቶ ነው የመጣው። ቢሮው ሱሉልታ፣ ወደ ጫንጮ መውጫ ላይ ነው አለኝ፤ የት ጋ ብዬ አልጠየቅሁም። ቅናሹ ለዛሬ ብቻ ነው ስላለኝም ክፍያውን በሙሉ አስቀድሜ ሰጠሁት።

በማግስቱ መጥቶ አላርሙን ሰቀለ። ቁልፉን በክር ባለቤቴ አንገት ላይ አጠለቀለትና "እስቲ ይጫኑት አባባ" አለው። በግራ እጁ ሲጫነው አላርሙ ጮኸ፣ የሠፈሩ ውሻ ሁሉ ተነሣ። ባለቤቴ በግማሽ ፊቱ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ስለሆነ እንባዬ መጣ፣ ልጁንም መረቅሁት። እየመረቅሁት አንድ እጁ ኪሱ ውስጥ እንደነበረ አይቻለሁ፤ ብርድ ነው ብዬ አለፍኩት። ሲወጣ "ከእንግዲህ በከንቱ እንዳትጫኑት፤ ፖሊስ ይመጣና ትቀጣላችሁ" ብሎ አስጠነቀቀን። እኔ ፖሊስ በከንቱ የማንከራትት ሰው አይደለሁም። ስለዚህ አንድ ቀን እንኳ ሳልሞክረው፣ ባለቤቴንም ነፍስህ ካልተጨነቀች እንዳትነካው ብዬ አደራ አልኩት።

ጥር 26 ቀን ረፋዱ ላይ እኔ ስፌት ቤት ነበርኩ። እቤት የሆነውን መብሩካና ኦቦ ጎበና ነግረውኛል፣ ጤና ጣቢያ ከደረስኩ በኋላ ያለውን ራሴ አይቻለሁ። መብሩካ ሰበታ ወንድሟን የህያን ልታስታምም ሄዳ ብዙ ቆይታ ነበር፤ አላርሟንም ሳትነካው ነው የከረመችው። በመጣች በማግስቱ፣ ያን ዕለት ረፋድ፣ ወደ ሱቅ ልትወጣ ስትል ትዝ አላት። እሷ ሱቅ ቆጣሪው አጠገብ አምፖል መሞከሪያ አለ፤ በርቶ ያልታየ አምፖል ከዚያ ሱቅ አይወጣም። "ፖሊስ ከመጣም ሻይ አፈላለታለሁ" ብላ ቁልፉን ተጫነችው። ዝም። ደገመችው፣ አሁንም ዝም። ያኔ ስለ ራሷ ቤት አላሰበችም። "ጋሼ ኪዳኔ አንገት ላይም ያለው ይኼው ነው" ብላ ወደ አጥሩ ሮጠች።

ብትጣራ መልስ የለም። ጆሮዋን ቆርቆሮው ላይ ብታደርግ የሆነ መቧጠጥ ሰማች። በመዶሻ የሷን ምስማር ነቅላ የኔን በትከሻዋ ገፍታ ጣለችው። ባለቤቴ መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወድቆ ግንባሩ ተሰንጥቆ ይደማ ነበር። አውራ ጣቱ ከቁልፉ ላይ አልተነሣም። ስንቴ እንደተጫነው እሱና ፈጣሪ ናቸው የሚያውቁት። ነፍስህ ካልተጨነቀች ብዬው ነበርና፣ ሲጨንቀው የተጫነው ጠጠር ነበር። ጠጠር ማለቴ ምሳሌ አይደለም፤ ኋላ እዚሁ ፖሊስ ጣቢያ ቁልፉ ሲፈለጥ ክብደት እንዲሰጠው የገባበት ጠጠር ብቻ ተገኝቷል። ጠጠሩን ለኤግዚቢትነት አስረክቤያለሁ።

ጩኸቷን ሰምተው የደረሱት ኦቦ ጎበና ባጃጅ አስቁመው ተሸክመው አስገቡት። ሰው ልከውብኝ ጤና ጣቢያ ስደርስ ራሱ መብሩካ ጭን ላይ ነበር፣ ቁስሉም በሻሿ ታስሯል። ሐኪሟ እስከ ማታ ደሙ እየፈሰሰ ቢቆይ ኖሮ አይተርፍም ነበር አለችኝ። እኔ የምገባው ማታ ነው። መብሩካ እግር ላይ ልወድቅ ስል፣ "አሁን ዝም በይና የጋሼን እግር ያዥልኝ፣ ቁስሉን ሊሰፉት ነው" አለችኝ። ያዝኩ። የዚያን ያህል ወር ኩርፊያ ያለቀው በዚህች አንድ ቃል ነው።

ለዚህ ፖሊስ ጣቢያ አብረን አመለከትን። ሱሉልታ የተባለው ቢሮ ቢፈለግ የሚያውቀው ሰው ጠፋ። መብሩካ ፖሊስ እያወቀ ለተጠርጣሪው ስልክ ደውላ፣ ሰበታ ያለው ወንድሜ ለመጋዘኑ ብዙ ይፈልጋል፣ ናሙናውን ሱቄ ድረስ አምጣልኝ አለችው። የካቲት 10 ቀን ጠዋት እየሳቀ መጣ። እኔ ራሴ ከሰፋሁላት የሱቁ መጋረጃ ጀርባ ቆሜ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ተጠርጣሪው "ቆይ ላሳይዎት" ብሎ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ፣ "እዚህ ሱቅ አምፖል እንኳ ሳይሞከር አይሸጥም። አንተ ሁለት እጅህን ጠረጴዛው ላይ አድርግልኝ፣ የምጫነው እኔ ነኝ" አለችው። "ማዘር፣ እንዲሁ ከተጫኑት እኮ ፖሊስ ይመጣል" አላት። "መጥቷል" አለችው። ሲቪል የለበሱ የፖሊስ አባል አምፖል ገዢ መስለው አጠገቡ ቆመው ነበር። ኪሱ ሲፈተሽ አላርሙን እሱ ብቻ የሚያስጮህበት ትንሽ ሪሞት ተገኘ።

መርማሪው ምስጋና በምስክር ቃል ውስጥ እንደማይጻፍ ነግረውኛል። እባክዎ ይጻፍልኝ ብዬ ለምኛቸው ጽፈውልኛል፣ እግዜር ይስጣቸው። መብሩካ ባሌን ከሞት አትርፋልኛለች። ለውለታዋ ቃል አይበቃኝም፤ አላህዋም አምላኬም ይክፈሏት። ሌላ ሰው እንዳይታለል የምለው አለኝ። ጎረቤትህ ገዝቷል ከተባልክ ጎረቤትህን ጠይቅ፣ ብትኳረፉም ጠይቅ። እንዳትጠይቅ ካለህ ደግሞ ሮጠህ ጠይቅ። ዕቃውንም ሻጩ ከሄደ በኋላ በራስህ እጅ ሞክረው፤ ፖሊስ ከመጣ ሻይ ታፈላለታለህ።

በሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። የባለቤቴን አልጋ በአጥሩ በኩል ወዳለው ክፍል አዛወርነው፣ በመስኮቱ እጁ ከቆርቆሮው ይደርሳል፤ የወጥ ጭልፋም ሰጠነው። መብሩካ ሱቁን ለእህቷ ልጅ ለሉብና ትታ ቀን ቀን እቤት መዋል ጀምራለች። ባለቤቴ በጭልፋው ቆርቆሮውን ሲመታ በበሩ ትመጣለች። አሁን አሁንማ ሳይቸግረውም ሻይ ሲያምረው ይመታል፣ እሷም እየተቆጣች ይዛለት ትመጣለች። ይኼኛውን በየቀኑ ሞክረነዋል፤ ይሠራል።

ከላይ ያለው ቃሌ ፊቴ ተነብቦልኝ፣ ያልኩት ሳይቀር ያላልኩት ሳይጨመር መጻፉን ሰምቻለሁ። እውነት ስለመሆኑ በፊርማዬ አጸናለሁ፤ ፍርድ ቤት ብጠራም የምናገረው ይህንኑ ነው።

የምስክር ፊርማ፦ ማሪቱ አሥራት
ቃሉን የተቀበለው፦ ረ/ሳጅን ወንዳፍራሽ፣ ፊርማ
ቃሉ ሲነበብ የነበረች እማኝ፦ መብሩካ ሸምሰዲን፣ ፊርማ