ለምራት የማይታየው ጉድጓድ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ውባለም በረከት
ዕድሜ፦ 44
አድራሻ፦ ሀብሩ ወረዳ፣ መርሳ ከተማ፣ 02 ቀበሌ
የትምህርት ደረጃ፦ 8ኛ ክፍል
ሥራ፦ የአላውሃ ዩኒቨርሲቲ መርሳ ግቢ፣ የመዝገብ ቤት ተላላኪ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ቦታ፦ ጥር 16 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ መርሳ ፖሊስ ጣቢያ
ጉዳዩ፦ ከመዝገብ ቤት ጠፉ ስለተባሉ የተማሪ ፋይሎች

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ በወ/ሮ በላይነሽ ሀብቴ ላይ ስለቀረበው ክስ የማውቀውን ተጠይቄ ቃሌን እንደሚከተለው ሰጥቻለሁ። በላይነሽ ጎረቤቴ ናት፤ ግድግዳችን አንድ ነው። እሷ ከታሰረች ወዲህ እናቷ ስኳራቸው ተነስቶባቸው እግራቸው አብጧል፤ መድኃኒት ቤቱ ሁሉ ስለተዘረፈ መርሳም ወልድያም ተፈልጎ አልተገኘም። ልጇ ሩት ስንቅ ወደዚህ ጣቢያ ታመላልሳለች፤ ስንቁን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ይህን ማንሳቴ በላይነሽን ትጠላታለች የሚሉኝ ስላሉ ነው። አልጠላትም። እቀናባታለሁ፤ እሱ ሌላ ነው። መርማሪው ወደ ጉዳዩ እንድመለስ ስለነገሩኝ ተመልሻለሁ።

እኔና በላይነሽ የምንሠራው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ፋይል ያዥ እሷ ስለሆነች ቁልፉ የሷ ነው፤ እኔ ደብዳቤ አደርሳለሁ። በእኛ መዝገብ ቤት የፈተና ወረቀት ጊዜው ሲያልፍ ኮሚቴ ባለበት ተቆራርጦ ይቃጠላል፤ ከዚያ አመዱ በውሃ ይበጠበጣል፣ ማንም ቁራጭ አንስቶ እንዳያነብ። ባለሱቆች ለበርበሬ መጠቅለያ ስጡን ቢሉም አይሰጥም፣ የሰው ልጅ ውጤት ነው። የተማሪው ዋና ፋይል ግን ተማሪው አርጅቶ ቢሞት እንኳ ይቀመጣል እንጂ አይቃጠልም።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ከወልድያ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሲሰማ፣ የሬጅስትራሩ ኃላፊ አቶ ኤፍሬም ጊዜው ያለፈውን አቃጥሉ፣ ዋናውን ፋይል የሚያነሳ መኪና እልካለሁ ብለው ወደ ደሴ ሄዱ። ወረቀቱን በጓሮ አቃጠልን፤ የቆራረጥኩትም ውሃ ያፈሰስኩበትም እኔ ነኝ፣ ከፈተና ወረቀት በቀር ሌላ አልነበረበትም። መኪናው ግን አልመጣም። አቶ ኤፍሬም በታኅሣሥ ሲመለሱ ክፍሉን ባዶ፣ ጓሮውን አመድ ሆኖ ስላገኙት ዋናውም አብሮ ተቃጥሏል ብለው ከሰሷት። እኔ ግን ፋይሉ ሲሄድ አይቻለሁ።

ባለቤቴ አቶ ሀይሉ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ በዚያ ሰሞን ናፍጣ ጠፍቶ መኪናው ቆሞ ነበር። ወረቀቱን ባቃጠልን ማግሥት ማለዳ፣ ወደ ግራና፣ እናቴ ቤት ደርሼ ልምጣ ብሎኝ ወጣ። ወዲያው ብቅ ብል በበላይነሽ በር ላይ በሁለት አህያ ማዳበሪያ ሙሉ ሙሉውን ሲጭን አየሁት። ላዩን አገዳ አልብሶታል። ፋይሉን ከመዝገብ ቤት መቼ እንዳመጣችው አላየሁም። እሷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከኋላ ትነዳለች። ከሷ ጋር መሆኑ ለኔ አልተነገረኝም። ምን ልሁን፣ ተከተልኳቸው።

ግራና ሳይደረስ የአማቴ የእማማ ወርቅነሽ ቤት አለ። አማቴ ጦርነቱን ሸሽተው ደጋ እህታቸው ዘንድ ነበሩ። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ስለነበር ውስጡ ቁጭ ብዬ አየሁ። ሀይሉ የጥጃውን ጋጥ ፍግ ዝቆ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነሳ። የእህል ጉድጓዳቸው ነው። እኔ በዚያ ቤት ተድሬ ልጆች ወልጄ ጉድጓዱ የት እንዳለ አላውቅም ነበር። አማቴ "ጉድጓድ ለልጅ እንጂ ለምራት አይታይም" ይላሉ፤ ምራት የተጣላች ዕለት ምስጢሩን ይዛ ትሄዳለች ነው ነገሩ። ለበላይነሽ ግን ተከፈተ። እሱ ገብቶ ጭድ አነጠፈ፣ ላስቲክ አለበሰ፤ እሷ ማዳበሪያውን አቀበለችው። "እስከ ዛሬ ማሽላ ነበር የምንቀብረው፤ ዛሬ ስንቱን ዶክተርና መሐንዲስ ቀበርነው" ሲላት ሳቀች። መሥሪያ ቤት እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። የያዘውን ውሃም ራሱ ሳይጠጣ አስቀድሞ ለሷ ሰጣት። ድንጋዩን ሲመልስ "እናቴ ብትሰማ ትረግመኛለች፤ እኔ ሳልኖር ለማንም እንዳትናገሪ" አላት። እሷም "መድኃኔዓለምን፣ አንተ ሳትመጣ አልተነፍስም" ብላ ማለች። ከዚህ ሌላ በመካከላቸው ያየሁት ነገር የለም፤ ያላየሁትን አልልም።

ሀይሉ ናፍጣ እንዳገኘ ተፈናቃይ ጭኖ ወደ ደሴ ሄደ። አንዱ ሐይቅ አየሁት ይላል፣ ሌላው ኮምቦልቻ ይላል፤ እስካሁን ድምፁን አልሰማሁም። በላይነሽ በምርመራ "ያስቀመጠው ሰው ሲመጣ ይናገር" ከማለት ሌላ እንዳልተናገረች ሰምቻለሁ። ለባሌ ቃል ብላ ታስራለች። ከሳቁም ከውሃውም ይልቅ ያንገበገበኝ ይህ ነው፤ ለሀይሉ ቃል የሚታሰር ከተፈለገ እኔ ነበርኩ መታሰር ያለብኝ። ነገር ግን ጉድጓድ ሲከርም ያልበዋል፣ ማሽላ እንኳ ይሻግታል። ሀይሉን እንጠብቅ ብንል የዚያ ሁሉ ልጅ ፋይል አፈር ይሆናል፣ እሷም እዚሁ ትከርማለች። ስለዚህ ቦታውን መርቼ አሳያለሁ። ሲከፈት ግን ከፖሊስና ከኮሚቴው ሌላ ሰው እንዳይኖር እለምናለሁ፤ በዚህ ረሃብ የሰው ጉድጓድ አደባባይ ማውጣት ነውር ነው።

አማቴ ከሰው እንዳይሰሙት ብዬ ትናንት በገበያተኛ መልእክት ልኬላቸው ነበር። ዛሬ ወደዚህ ልወጣ ስል መጡ። "ልትናገሪ ነው?" አሉኝ። "አዎ እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ሰው ታስሯል" አልኳቸው። መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ "ለመሆኑ አንቺ ጉድጓዱን በምን አወቅሽው?" አሉኝ። "ሀይሉ አሳየኝ" አልኳቸው። አማቴም "እኔ የከለከልኩትን ላንቺ ካሳየማ ከልቡ ነው የያዘሽ" አሉና ጉንጬን ስመውኝ ሄዱ። ይህ ቃሌ ለእሳቸው እንዳይነበብብኝ መርማሪውን እጠይቃለሁ።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ የጨመርኩት የቀነስኩትም የለም። ለአማቴ ከመለስኩላቸው ከዚያች አንዲት መልስ በቀር ሁሉም እውነት ስለመሆኑ ፈርሜአለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ውባለም በረከት
ቃሉን የተቀበለው፦ ም/ሳጅን ካሳዬ በላይ (ፊርማ)