ኢያሩስ የዘጋው ዳርቻ

ይህን የማወራው ወሬ ስለሚጥመኝ ብቻ አይደለም፤ እርግጥ ነው ይጥመኛል። ዕድሜዬን በውቅያኖስ መካከል ባለችው ደሴታችን ትምህርት ቤት ልጆች ስቆጣ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና፣ ያየሁትን ነገር ሳልመክርበት ማለፍ አይሆንልኝም። መመከር የማይወድ ካለ ጆሮውን ይያዝ።

ነገሩ የጀመረው በታንኳዬ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ስነሣ ገመዷን በጥሳ ሄዳለች። ዳር ዳሩን ስፈልጋት ቆይቼ ያገኘኋት ከኢያሩስ ቅጠል ወዲያ፣ ነጩ አሸዋ ላይ ተጋድማ ነው። ጥቂት ብራመድ እደርስባታለሁ፤ ግን መራመድ አይቻልም። የመከልከያ ምልክታችን የሆነው የናሜሌ ቅጠል የተተከለበትን ዳርቻ የረገጠ ሰው አሳማና መጠጥ የሚሆነውን የካቫ ሥር ይዞ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ካቫ በተጠጣ ቁጥር ስሙ መነሣቱ ነው። ቅጠሉን መንቀል የሚችለውም የተከለው ሰው ብቻ ነው።

የተከለው ኢያሩስ ነው፣ የሟች እህቴ ባል። ያ ዳርቻ ፎቅ የሚያካክሉት የሽርሽር መርከቦች እንግዳ የሚያራግፉበት ነበር። ዓለምን የዘጋው የሳል ወረርሽኝ የመጣ ጊዜ ኢያሩስ ቅጠሉን ተከለና ከእንግዲህ በዚህ በኩል ሰው አይገባም አለ። ባሕር የመዝጋት መብት ከአባቱ የወረሰው እሱ ስለሆነ ማንም አልተቃወመም፤ እንዲያውም አመሰገንነው። ችግሩ የኢያሩስ ቤት ከአሸዋው ማዶ፣ ገደሉ ሥር መሆኑ ነው። ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ያው አሸዋ ነው፤ ሌላ የለም። እሱ ቅጠሉን ተሻግሮ ቢመጣ የራሱን ሕግ ያፈርሳል፤ እኛም ብንሄድ እናፈርሳለን። ጓሮው ጎደሬና ሙዝ አለው፣ ዓሣም ያጠምዳል፤ ጨውና ሳሙናውን እኛ ቅጠሉ ሥር አስቀምጠንለት እንመለሳለን። እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት አለፈ።

ታንኳዬን መልስልኝ ብዬ ተጣራሁ። ኢያሩስ ከውሻው ጋር እያወራ ከቤት ወጣ። ውሻው ግን አልነበረም፤ ኋላ እንደ ሰማሁት ከሞተ ቆይቷል። ክው አልኩ። ያ ድምፁ ከማዕበል በላይ ይሰማ የነበረ ሰው ከሲታ ሆኖ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ ወርዶ፣ ቃላት ጠፍተውበት እየፈለጋቸው ያወራል። ታንኳዋን ገፍቶ አቀረበልኝና ቅጠሉ ጋ ሲደርስ ቆመ።

እንዲህ ፊት ለፊት እንደ ቆምን የጤና ጣቢያችን ነርስ፣ ናላው የምትባለው፣ የክትባት ሣጥኗን በትከሻዋ አንግታ ደረሰች። ልጅ ሳለች ያስተማርኳት ናት፤ በዋናው ከተማ ተምራ የመጣች፣ ለአፏም ለእጇም ጥንቃቄ የምታውቅ ልጅ። ወደ መንደሩ ሽማግሌዎች ስብሰባ እየሄደች ነበር። የመርከብ ጉዞው ተከፍቷል፤ የመጀመሪያው መርከብ በእኛ ደሴት ላቁም ወይ ብሎ ጠይቋል፤ መልሱ የዚያን ዕለት መሰጠት አለበት። አይሆንም ካልነው ወደ ሌላ ደሴት ያልፋል።

"አባባ ኢያሩስ፣ ሮዚናም በዚያው መርከብ ላይ አለች" አለችው ቀስ ብላ።

ሮዚና አንድ ልጁ ናት፣ የእህቴ ልጅ። በዚያ መርከብ ልብስ አጣቢ ሆና ትሠራለች፤ ወረርሽኙ ከመጣ ወዲህ አገሯን አልረገጠችም። ኮንትራቷ ስላላለቀ መውረድ የምትችለው መርከቡ እዚህ ከቆመ፣ ያውም ለጥቂት ሰዓት ነው። ኢያሩስ ስሟን ሲሰማ ጢሙን ያዘ።

ናላው አዲሱን ደንብ ዘረዘረችለት። መርከቡ ላይ ያለ ሁሉ የተከተበና ሳይሳፈር የተመረመረ ነው፤ ያሳለው ከክፍሉ አይወጣም። ወደ ዳርቻ የሚያመጡት ትንንሽ ጀልባዎች ላይ ሁሉም አፉን ይሸፍናል። በእኛ በኩል ደግሞ ሽማግሌዎች ይከተባሉ፤ ሻጮች ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ እጅ መታጠቢያ ይቆማል፤ መጨባበጥ የለም። ካቫም ለሁሉም በየራሱ የኮኮናት ቅርፊት ይቀዳል እንጂ አንዱ ቅርፊት ከአፍ ወደ አፍ አይዞርም። ኢያሩስ ይህን ሲሰማ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም።

"እጁን ካልጨበጥኩት፣ በቅርፊቴ ካላጠጣሁት፣ ምኑን እንግዳ ተቀበልኩ? ሌባ ነው እንዴ የምትጠብቁት?" አለ። ቀጥሎም ከገደሉ ጀርባ ያሉትን ባዶ መንደሮች ስማቸውን ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። አታውቅም፤ እኔም ሁሉንም አላውቅም። እሱ አንድ በአንድ ጠራቸው። ሲጠራቸው ድምፁ ተመለሰለት።

"አያቴ ነው ያስጠናኝ" አለ። "በእሳቸው አባቶች ጊዜ አንድ መርከብ መጣ። ኩፍኝ የያዘው መርከበኛ ነበረበት። እጁን ጨበጡት፣ ካቫ አጠጡት። ቀባሪ እስኪታጣ አለቁ። ዛሬ እዚያ የሚውለው አሳማ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ትሉኝ ይሆናል፤ የእኛ ሰዎች ያዩት ግን ልጥ አይደለም።"

እኔ ብሆን ቸኩዬ መልስ እሰጥ ነበር፤ የመምህር በሽታ ነው። ናላው ግን ሣጥኗን አውርዳ አሸዋው ላይ ተቀመጠች።

"ስማቸውን ስላቆዩልን እግዜር ይስጥልን። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ያኔ መርከቡ ሳይቆም፣ የታመመ አለባችሁ ወይ ብሎ የጠየቀ ነበር?"

"ማን ይጠይቃል? በምንስ ቋንቋ?"

"ዛሬ እኛ እንጠይቃለን። ካልመለሱ አይወርዱም።"

"ሰው ይዋሻል፣ ልጄ።"

"ይዋሻል። ለዚህ ነው በአንድ ነገር ብቻ የማንተማመነው። ምርመራው ቢያመልጠው ክትባቱ አለ፤ ክትባቱ ቢደክም ርቀቱ አለ፤ ከዚያ ደግሞ የራስ ቅርፊት አለ። በሽታው ፈጽሞ አይገባም አልልዎትም፤ ብል እኔም ዋሸሁ። ቢገባ ግን ባዶ መንደር ትቶ አይሄድም።"

ኢያሩስ ራሱን ነቀነቀ። ባለፈው ጊዜ በሽታው በጭነት ጀልባ በወዲያኛው ወደብ ገብቶ መንደሩን ሁሉ ሲያስለው እንደ ከረመ አነሣ። "እኔ ጋ ደረሰ? አልደረሰም። ቅጠሌ ሠርቷል" አለ።

"ሠርቷል፣ አባባ" አለች ናላው። "ክትባት ሳይመጣ በፊት ከእርስዎ ቅጠል የተሻለ መድኃኒት አልነበረንም። ግን ልጅ ሳለሁ የዓሣውን ቦታ ሲዘጉ አይ ነበር። ለምን ነበር የሚዘጉት?"

"ዓሣው እንዲበዛ ነዋ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ይከፈታል።"

"ሲከፈት ሰው እንዳሻው ይገባል?"

"የምን እንዳሻው! መረብ አይገባም፤ ትንንሹ ይመለሳል፤ እናት ዓሣ አትነካም። ሥርዓት አለው እንጂ..." አለና አቋረጠ። ያለውን ራሱ ሰማው። ቀጥሎም አባቱ የመክፈቻውን ቀን ሳታስብ ቅጠል አትትከል ይሉት እንደ ነበር ነገረን።

ያሸነፍን መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ፊቱን ወደ ባሕሩ መለሰና፣ "ብከፍተውስ? ልጄን አፏን ሸፍና፣ ሁለት ክንድ ርቃ ላያት? ይሄ መገናኘት ነው?" አለ። እኔም ትዕግሥቴ አለቀ።

"አማቼ፣ ከሌለ ውሻ ጋር ከማውራት አይሻልም?" አልኩት።

"ከማን ጋር ላውራ ታዲያ? መጣችሁልኝ?"

"በቅጠል አጥረኸን እንዴት እንምጣ?"

"ለመርከቡ ነበር እኮ" አለ ዝግ ብሎ። "ለእናንተ አልነበረም።"

ቅጠል ሰው እንደማይመርጥ ከእሱ በላይ የሚያውቅ በደሴቱ የለም፤ ከተከለው በኋላ ግን ነገሩ ገብቶት፣ ነቅሎ ቢመጣ ሰው ናፈቀው እንዳይባል ፈርቶ ተቀምጧል። ይህንን በገዛ አፉ ነገረን። ዝናብ ሲዘንብ ማዶ የሚጫወቱትን ልጆች ድምፅ ለመስማት በር ላይ እንደሚቆም፣ ሳሙናውን ካስቀመጥን በኋላ ማን እንዳመጣው በዱካው ለመለየት እንደሚሞክር ነገረን። ናላው ዓይኗን ጠረገች፤ እኔ ታንኳዬን የማይ መሰልኩ።

ከዚያ ኢያሩስ እጅጌውን ጠቅልሎ ክንዱን በቅጠሉ ላይ አሻግሮ ዘረጋ። ናላው እሷ በወዲህ እሱ በወዲያ ሆነው ወጋችው። ክትባቱ ካለቀ በኋላ ቅጠሉን በገዛ እጁ ነቀለና ይዞት ከእኛ ጋር ወደ ስብሰባው መጣ። ሽማግሌዎቹ ሲያዩት ከመቀመጫቸው ተነሡ። መርከቡ ይምጣ የሚል መልስ በዚያው ተላከ።

ሁለተኛውን ክትባት ወስዶ ጥቂት ከቆየ በኋላ መርከቡ ደረሰ። ኢያሩስ ከማለዳው አዲስ ቅጠሎች ቆርጦ አሸዋው ላይ በረድፍ ተክሎ ነበር፤ እንግዳው በዚያ፣ እኛ በዚህ። ሳሙናውን ራሱ ነው የሚያድለው። እጁን ሊጨብጠው የተጠጋውን ጎብኚ ሁሉ በዓይኑ መለሰው፤ የናላው አስተማሪ የሆነ ይመስል ነበር።

ሮዚና በመጨረሻው ጀልባ መጣች። ሲያያት ሁሉን ረስቶ ተንደረደረ። እሷ ናት እጇን አንሥታ ያስቆመችው፤ "አባዬ፣ ቅጠሉ" አለችው። ቆመ። በወዲያና በወዲህ ተቀመጡ፤ ካቫ በሁለት ቅርፊት ተቀዳ። ነፋሱ ጥሩ ስለሆነ ናላው ርቀቱን አይታ መሸፈኛውን ማውረድ ትችያለሽ አለቻት። ኢያሩስ የልጁን ፊት ሲያይ ቅርፊቱን ሳይጠጣ አሸዋው ላይ አስቀመጠው።

ስለ ውሻው ነገራት። እሷም ወረርሽኙ ሲነሣ መርከቡ ከወደብ ወደብ እንደ ተንከራተተ፣ የማያውቁትን አገር መብራት እያዩ ስንትና ስንት ጊዜ ባሕር ላይ እንደ ቆሙ ነገረችው።

"የሚያስወርደን ዳርቻ አጣን፣ አባዬ። በየደረስንበት ቅጠል ነበር።"

ኢያሩስ አቀርቅሮ፣ "የእኔም አንዱ ነበር" አለ።

መርከቡ ከሰዓት በኋላ ሄደ። ሮዚና ከጀልባዋ ላይ እጇን እያወዛወዘች ራቀች፤ ሳይተቃቀፉ ተለያዩ። ይህን አጣፍጬ አልነግራችሁም፤ ያማል።

እንግዲህ ምክሬን ስሙ። መዝጋትም ጥበብ ነው፤ ኢያሩስን ያተረፈው እሱ ነው። ነገር ግን ዘመኑ መድኃኒቱን ሲያመጣ፣ ክንድን ሰጥቶ፣ እጅን ታጥቦ፣ በየራስ ቅርፊት ጠጥቶ መክፈት የበለጠ ጥበብ ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት መርከብ ተቀብለናል፤ አንድ ጊዜ ሳል ገባ፣ ቀባሪ ግን አልፈለግንም። ሴቶቻችን ምንጣፋቸውን ሸጡ፤ በመታጠቢያው ምክንያት የልጆች ተቅማጥ እንኳ ቀንሷል። ለእንግዳ የተደረገው ሥርዓት ለባለቤቱም ሆነ።

ሮዚና በሄደች ማግሥት ጠዋት ወደ ኢያሩስ ቤት ሄድኩ። እግሬን አሸዋው ላይ ሳሳርፍ፣ የቀደመውን ቀን ስረግጠው ውዬ እንኳ፣ ከልማድ የተነሣ ፈራሁ። ከእኔ በፊት ጎረቤቶች ጎደሬ ይዘው መጥተው፣ ልጆቹም ዓሣ ሊያጠምዱ ወርደው ነበር፤ ዳርቻው ዱካ በዱካ ሆኗል። ኢያሩስ ዳርቻውን በየማለዳው የሚጠርግ ሰው ነው፤ የዚያን ቀን ግን መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ በር ላይ ተቀምጧል። ልጥረግልህ ብዬ ላነሣው ስል እጄን ያዘኝ።

"ተወው" አለኝ። "የመጣውን ሰው ልየው።"